ከመንዝ የመጣልኝ በእጅ የተፈተለ የበግ ፀጉር፦ ለአንገት ሻርፕ ይሆናል?

የበረዶ_ሰፈር (ሚኒያፖሊስ)

ሰላም ለሁላችሁ። አክስቴ ከመሐል ሜዳ በሰው እጅ አንድ ከረጢት ላከችልኝ። በርበሬ ይሆናል ብዬ ስከፍተው በእንዝርት የተፈተለ የበግ ፀጉር፣ አራት ልቃቂት። ሁለቱ ነጭ ሁለቱ ጥቁር ቡናማ፤ ቀለም ያልነካው፣ በጉ እንደለበሰው። በወጥ ቤት ሚዛን ስመዝነው 320 ግራም ሆነ፤ ነጩና ቡናማው እኩል በእኩል ናቸው። ደውዬ «ምን ላድርግበት?» ብላት «ብርድ አገር አይደለሽ? ልበሽው» አለችኝና ስለ ጎረቤት ሠርግ ማውራት ቀጠለች።

ለራሴ ሻርፕ ልሠራበት አስቤያለሁ። ልሙጥ እንዲሆን አልፈልግም፤ ሲዳሰስ ጉብ ጉብ የሚል፣ ሥራው ከሩቅ የሚለይ ቢሆን ደስ ይለኛል። ሹራብ መሥራት አላስቸገረኝም፤ እስካሁን የሠራሁት ግን ሁሉም ከሱቅ በተገዛ ክር ነው። ይህኛው ይሻክራል፣ አንዱ ጋ ቀጥኖ ሌላው ጋ ይወፍራል፣ ከልቃቂቱ ሲፈታ ደግሞ በራሱ ላይ ይጠማዘዛል። በእንዲህ ያለ ክር ላይ የትኛው ንድፍ ጎልቶ ይወጣል? አንገትስ ይችለዋል?

ቆላ_ወርጄ (ዱባይ)

እኔ ሻርፕ የሚያስፈልገኝ የገበያ አዳራሽ ማቀዝቀዣ ሥር ስቀመጥ ብቻ ነው። ግን ማታ ማታ ደብረ ብርሃን ለምትኖረው እናቴ የምሠራው አለኝና መልሱን ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ።

ሸማኔ_ሰፈር (አዲስ አበባ)

እህቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ፤ ይህ የባና ክር ነው። የመንዝ በግ ፀጉር ለባና፣ ለዝተት፣ ለምንጣፍና ለበርኖስ ነው። በርኖስም ቢሆን ከልብስ ላይ ይደረባል እንጂ ገላ አይነካም። አባቶቻችን ይህን ያደረጉት ወደው አይደለም። አንገትሽን ከምትቀጪ አልጋሽ ሥር የሚነጠፍ ምንጣፍ ሥሪበት፤ ለሻርፑ ሜሪኖ የሚባለውን ለስላሳ የበግ ሱፍ ግዢ።

የመንዝ_ልጅ (ደብረ ብርሃን)

ወንድሜ፣ ከመሐል ሜዳ ተጉዞ ሚኒያፖሊስ የደረሰ ክር እግር ሥር ሊነጠፍ ነው? እኛ እዚህ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነን፤ በጥቅምትና በኅዳር ጠዋት ውርጭ ሣሩን ነጭ ያደርገዋል። ባና ያላሳደገው ሰው የለም።

ደግሞም ሁሉም የመንዝ ፀጉር አንድ አይደለም። የበጉ ፀጉር ሁለት ዓይነት ነው፤ ከላይ ረጅምና ሸካራ፣ ከሥር አጭርና ለስላሳ። በደጋን ከመነደፉ በፊት ሸካራው በእጅ ከተለቀመ የሚፈተለው ክር ሌላ ነው። የበግ ጠቦት ፀጉር ከሆነ ደግሞ ጨርሶ የተለየ ነው። የአክስትሽን እጅ አላውቅም፤ ክሩን ግን ወደ መስኮት ብርሃን ይዘሽ ተመልከቺው። ቀጥ ብለው ከክሩ ውጪ የሚቆሙ ወፋፍራም ፀጉሮች በብዛት ካየሽ ሳይለቀም የተፈተለ ነው። አልፎ አልፎ ብቻ ከሆኑ ሥራውን ስትጨርሺ በወረንጦ ትለቅሚያቸዋለሽ፤ ለባና የሚቸግረው ሥራ ለአንድ ሻርፕ አይቸግርም።

ሦስት_መርፌ (በርገን፣ ኖርዌይ)

ሁለታችሁም ትክክል ናችሁ፤ ለዚህ ነው የማትስማሙት። በመጀመሪያ ስለ መዋጋቱ። ሱፍ ቆዳን የሚያሳክከው አብዛኛውን ጊዜ አለርጂ ስለሆነ ሳይሆን የወፍራሙ ፀጉር ጫፍ ቆዳን ስለሚወጋ ነው። ከ30 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው) ገደማ በላይ የሚወፍሩት ፀጉሮች ሲነኩን አይተጣጠፉም፤ ቀጫጭኖቹ ግን ጎንበስ ይላሉ። የጥሩ ሜሪኖ ፀጉር 20 ማይክሮን አካባቢ ነው። ስለዚህ አንድን ሻርፕ የማይለበስ ለማድረግ መላው ክር ሸካራ መሆን የለበትም፤ ጥቂት ወፋፍራም ፀጉሮች ይበቃሉ። የመንዝ ልጅ «በወረንጦ ልቀሚ» ያለው ቀልድ እንዳይመስልሽ።

ፈተናው ቀላል ነው። ከክሩ ትንሽ ሥሪና እጠቢው፤ ሲደርቅ ከቀሚስሽ አንገት ሥር አስገብተሽ ግማሽ ቀን ሥራሽን ሥሪ። በመዳፍ አትፈትኚው፤ መዳፍ ስሜቱ ደነዝ ነው።

አሁን ወደ ንድፉ። ጠፍጣፋ ሆኖ የሚወጣውን ቀለበት «ፊት»፣ ጉብ የሚለውን «ጀርባ» ብዬ ልቀጥል። አንዱን ገጽ በሙሉ ፊት አድርገሽ ከሠራሽ ሻርፑ ከሁለቱ ጎን ወደ ኋላ ይጠቀለላል። እጥበትም መወጠርም አያድነውም፤ ጠባዩ ነው። ሻርፕ ደግሞ ሁለት ገጹም ይታያል። ስለዚህ ፊቱና ጀርባው በሁለቱም በኩል ተመጣጥነው የሚገቡበት ንድፍ ነው የሚያዋጣሽ፤ አይጠቀለልም፣ ተገልብጦም ያምራል።

ለዚህ ክር ሁለት ንድፎች ይታዩኛል። አንደኛው የፍሬ ንድፍ ነው። ቀለበቱ ጎዶሎ ቁጥር ይሁን፤ በእያንዳንዱ ረድፍ አንድ ፊት አንድ ጀርባ እያልሽ ሄደሽ በፊት ትጨርሻለሽ። ሁሉም ረድፍ አንድ ስለሆነ መቁጠር የለበትም፤ ጀርባውን በፊት ላይ፣ ፊቱን በጀርባ ላይ ማሳረፍ ብቻ ነው። ሁለተኛው የቅርጫት ንድፍ ነው። 46 ቀለበት ጀምሪ። በሁለቱም ጠርዝ ሦስት ሦስት ቀለበት ሁልጊዜ ፊት ይሁን። መካከል ያሉትን 40 ቀለበቶች 4 ፊት፣ 4 ጀርባ እያልሽ 6 ረድፍ ሥሪ፤ ከዚያ ቦታቸውን ቀይረሽ 4 ጀርባ፣ 4 ፊት እያልሽ ሌላ 6 ረድፍ። ብዙ መመሪያዎች 4 ረድፍ ይላሉ፤ ረድፍ ከቀለበት ስፋት ስለሚያጥር ግን ካሬው ተጨፍልቆ ይወጣል። እኔ 6ቱን እመርጣለሁ።

ሦስተኛው ሁሉም የሚወደው ጉንጉን ነው፣ ቀለበቶቹን እንደ ሹሩባ እያሻገሩ የሚሠራው፤ እኔ ግን አልመክርሽም። ጉንጉን ጨርቁን ይሰበስበዋል፣ ክር ይበላል፣ በጀርባው በኩልም ብዙ ጊዜ አያምርም። የተሻለ ጉንጉን የሚወጣው ከተገመደና ክብ ከሆነ ክር ነው።

ክርሽ የሚጠማዘዘው ነጠላ ፈትል ስለሆነ ነው። በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለከረረ ለመፈታት ይታገላል። በዚህ ልሙጥ ጨርቅ ብትሠሪ ሻርፑ ወደ አንድ ጎን ያዘነብልና እንደ ዳገት የተንጋደደ አራት ማዕዘን ይሆናል። ፍሬውና ቅርጫቱ ግን ፊትና ጀርባን ስለሚያፈራርቁ መዘንበሉን እርስ በርሱ ያጣፉታል።

ውፍረቱን ለማወቅ ክሩን ማስመሪያ ላይ ሳትጎትቺው ጎን ለጎን ጠምጥመሽ በ2.5 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ስንት ዙር እንደገባ ቁጠሪና ንገሪን።

የበረዶ_ሰፈር

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጠምጥሜ ቆጠርሁት፤ 14 አካባቢ ነው። በብርሃን ሳየው ነጩ ንጹሕ ነው ማለት ይቻላል። ቡናማው ግን ቀጥ ቀጥ ያሉ ፀጉሮች ሞልተውበታል፤ ከሁለት የተለያዩ በጎች መሆናቸው ግልጽ ነው። ሁለት ክር አንድ ላይ ይዤ ብሠራስ?

ሦስት_መርፌ

14 ለሻርፕ ይቀጥናል። ሁለት ይዞ መሥራት ይወፍርልሻል፤ መዘንበሉን ግን አያጠፋም፣ ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ የከረሩ ናቸውና። የሚሻለው መግመድ ነው። ሁለቱን ፈትሎች ይዘሽ እንዝርቱን አክስትሽ ካዞረችው በተቃራኒ አዙሪው። ያኔ ክሩ ይረጋጋል፣ ክብ ይሆናል፣ ቀጭኑ ቦታ ከወፍራሙ ጋር እየተገናኘ ይመጣጠናል። ጉብታውም ጎልቶ የሚታየው በተገመደ ክር ላይ ነው። ከተገመደ በኋላ 9 ወይም 10 ዙር ላይ ትደርሻለሽ፤ ለዚያ 5 ሚሊ ሜትር መርፌ ልክ ነው። በ10 ሳንቲ ሜትር 18 ቀለበት ገደማ ከሆነልሽ 46ቱ ቀለበት 25 ሳንቲ ሜትር ስፋት ይሰጥሻል።

የገመድሽውን ክር ለብ ባለ ውኃ ነክረሽ ጨምቀሽ ሳትወጥሪው አድርቂው። ሳይደርቅ መርፌ ላይ እንዳታወጪው።

እንዝርት_የለኝም (ቶሮንቶ)

ስሜ እንደሚለው ነው። እንዝርት ከሌለስ በምን ይገመዳል?

የመንዝ_ልጅ

እንዝርት ማለት ዘንግና ክብደት ነው። ቀጥ ያለ ቀጭን ዘንግ ታች ክብ ክብደት ቢገባበት ያዞራል። ለመፍተል ጥሩ እጅ ያስፈልጋል፤ ለመግመድ ግን ትዕግሥት ብቻ ይበቃል፤ ክሩ አስቀድሞ ተፈትሏል።

ሸማኔ_ሰፈር

ሜሪኖ ግዢ ያልኩት አላሳፈረኝም፤ ግን ነገሩ እንደተያዘ ገብቶኛልና አንድ ነገር ልጨምር። ክሩ ከወጋ ለሻርፑ ገበር አድርጊለት። የጥጥ ነጠላ ካለሽ ከመካከሉ አንገት ላይ የሚያርፈውን ያህል ቆርጠሽ ከውስጥ በኩል ስፊበት። ጥጡ ገላሽን ይነካል፣ ሱፉ ብርዱን ይከላከላል። ጋቢ ለብሶ በላዩ በርኖስ የሚደርብ ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ሦስት_መርፌ

ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ አንድ ችግር አለው። የሹራብ ሥራ ይለጠጣል፣ ሽመና አይለጠጥም። ሁለቱን ከዳር እስከ ዳር ከሰፋሻቸው ሻርፑ ገበሩ ጋ ይጨማደዳል። ነጠላው ካልታጠበ ደግሞ በመጀመሪያው እጥበት ይሰበሰባል።

ሸማኔ_ሰፈር

ነጠላው ቀድሞ በሙቅ ውኃ ይታጠብ። ከመካከል 50 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይሁን፤ ከሻርፑ ትንሽ ሰፋ አድርገሽ ቁረጪው፣ ስፌቱም ላላ ያለ ይሁን። ከዳር እስከ ዳር ያልኩት እኔ አይደለሁም።

ሦስት_መርፌ

እንዲህ ከሆነ ተስማምተናል።

ፀሐይ_መውጫ (አዲስ አበባ)

ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ። እዚህ ገበያ «ሱፍ» ተብሎ የሚሸጠው ክር ሁሉ እውነት ሱፍ ነው? ሁለት ሱቅ ዋጋው የሰማይና የምድር ያህል ይለያያል።

ቆላ_ወርጄ

ቁራጩን በእሳት ፈትኚ። ሱፍ ወዲያው አይንበለበልም፤ ፀጉር ሲቃጠል የሚሸተውን ይሸታል፣ ከእሳቱ ሲወጣ ይጠፋል፣ አመዱም በጣት ይፈጫል። ፕላስቲክ ቅልቅሉ ግን ቀልጦ ጠንካራ ጥቁር ዶቃ ይሆናል። ከእጅሽ አርቀሽ በወረንጦ ይዘሽ፣ ሳህን ላይ። የቀለጠው ጣት ላይ ከተጣበቀ ክፉ ነው።

ለእናቴ የምሠራው ከሁለተኛው ነው፣ አልደብቅም። በማሽን ይታጠባል፣ ርካሽ ነው፤ እናቴ ደግሞ ልብስ በለብታ አጥበሽ ጠፍጣፋ አድርቂ ቢሏት የምትስቅ ሰው ናት።

የመንዝ_ልጅ

ደብረ ብርሃን ለምትኖር እናት ፕላስቲክ? ይቅር ይበልሽ።

ቆላ_ወርጄ

ወንድሜ፣ ልቃቂቱን ከመንዝ ላክልኝና ነገ እጀምራለሁ።

ካባ_ለባሽ (ዋሽንግተን)

ጉንጉኑን አትናቁት። የአየርላንድ የአራን ደሴቶች ዓሣ አጥማጆች እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱ ጉንጉን ነበረው፤ ባሕር የወሰደው ሰው ሲገኝ በሹራቡ ንድፍ ይለዩት ነበር ይባላል።

ሦስት_መርፌ

ይባላል፤ ግን መሠረት የለውም። የአራን ሹራብ ዛሬ በምናውቀው መልኩ የ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ ሥራ ነው፤ ሴቶቹ ለሽያጭም ይሠሩት ነበር። የቤተሰብ ንድፍ የሚባለው ተረት በኋላ ሹራብ መሸጫ ሆነ። ተረቱን ባልወደውም ሥራቸውን ግን አደንቃለሁ።

የበረዶ_ሰፈር

ገመድሁት። እንዝርቱን እዚህ ከሚኖሩ አንዲት እናት ተዋስሁ፤ ከጎንደር ይዘውት መጥተው ነበር። በመጀመሪያ «ተዪው፣ አምጪው እኔ» ብለው ቀሙኝ፣ ከዚያ አስተማሩኝ። ክሩ አሁን አይጠማዘዝም። ማስመሪያው ላይ 9 ሆነ።

ሁለት ናሙና ሠራሁ፤ አንዱ ፍሬ፣ አንዱ ቅርጫት፣ በሁለቱም ቀለም። በነጩ ላይ ሁለቱም ንድፎች ጥላቸውን ጥለው ይታያሉ። በቡናማው ላይ ግን ቅርጫቱ ጨለማ ውስጥ ገብቶ ጠፋ፤ ሲዳሰስ አለ፣ ሲታይ የለም። ፍሬው ትንሽ ይሻላል። የአንገቱን ፈተናም አደረግሁ፦ ነጩ ትንሽ ቢያሳክክም ከሰዓት በኋላ ረሳሁት፤ ቡናማው አውልቂኝ አውልቂኝ አለ።

ችግሩ ነጩ 160 ግራም ብቻ ነው፤ ለሙሉ ሻርፕ አይበቃም።

ሦስት_መርፌ

በዚህ ውፍረት 25 ሳንቲ ሜትር በ170 የሆነ ጉብጉብ ሻርፕ ከ200 እስከ 250 ግራም ይፈልጋል። ጉብታ ከልሙጥ ይልቅ ክር ይበላልና። ስለዚህ ቡናማውን ማስገባት ግድ ነው። ግን አንገት የማይነካው የት እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ ሁለቱ ጫፎች።

ሸማኔ_ሰፈር

ጥለት! ነጠላ ላይ ጥለቱ የሚወርደው ጫፍና ጫፉ ላይ ነው። ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ቡናማ ጥለት፣ መካከሉ በሙሉ ነጭ፣ መጨረሻው ላይ ዘርፍ። አሁን ሻርፕ ሆነ።

ሦስት_መርፌ

ሸማኔው ልክ ነው። ጥለቱን በፍሬ ንድፍ ሥሪው፤ ጎዶሎ ስለሚፈልግ 45 ቀለበት ጀምሪ። ወደ ነጩ ስትገቢ አንድ ቀለበት ጨምረሽ 46 አድርጊና ቅርጫቱን ቀጥዪ። ወደ ሁለተኛው ጥለት ስትደርሺ ያንኑ አንድ ትቀንሻለሽ። ነጩን ከመጀመርሽ በፊት ለሁለተኛው ጥለት የሚሆነውን ቡናማ በሚዛን ለክተሽ አስቀምጪ፤ ሁለቱ ጫፎች እኩል እንዲሆኑ። ዘርፉን አትርሺው፤ እሱም ክር ነው።

ሌላው፣ ይህ ክር በኬሚካል ያልታከመ ሱፍ ስለሆነ ሲያልቅብሽ ቋጠሮ አትቋጥሪ። የሁለቱን ጫፎች ግምድ ፈትተሽ ሳሳ አድርጊ፣ አነባብሪ፣ በምራቅ ወይም በውኃ አርጥበሽ በሁለት መዳፍ መካከል በኃይል ፈትጊው። በሙቀቱና በፍትጊያው ፀጉሩ ተጣብቆ አንድ ክር ይሆናል። ለማሽን እጥበት የታከመ ሱፍና የፕላስቲክ ክር ግን እንዲህ አይያያዙም።

ካባ_ለባሽ

ሲያልቅ በካውያ ተኩሺው፤ እናቴ የምትሠራቸው ሁሉ ቀጥ ብለው የሚወጡት ተተኩሰው ነበር።

ሦስት_መርፌ

እባክሽ አይሆንም። ጉብታውን ለማውጣት ተደክሞበት በካውያ ተጨፍልቆ? ለብ ያለ ውኃ ውስጥ 20 ደቂቃ አቆዪው፤ አትሺው፣ አትጠምዝዢው። በፎጣ ጠቅልለሽ ረግጠሽ ውኃውን አውጪ። ከዚያ ወለል ላይ ዘርግተሽ በእጅሽ ጎኖቹን ቀጥ አድርጊና በመርፌ ቁልፍ ያዢው። ከፀሐይና ከማሞቂያ አርቀሽ እስኪደርቅ ተዪው። ሙቅ ውኃና ማሸት አንድ ላይ ከተገናኙ ሱፉ ይቆራኛል፣ ያኔ ሸማኔ ሰፈር ያለው ምንጣፍ ሊሆን ነው።

ሸማኔ_ሰፈር

ትንሽ ምንጣፍ።

የበረዶ_ሰፈር

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። ናሙናውን ሳጥበው ቤቱ በሙሉ በግ በግ ሸተተ። የቤት ተጋሪዬ መስኮት ከፈተች፤ ውጪ ደግሞ ከዜሮ በታች 20 ነበር። ይለቃል?

የመንዝ_ልጅ

ፀጉሩ ላይ የቀረው የበጉ ቅባት ነው። ለዝናብ ጥሩ ነው፣ ለአውቶቡስ መጥፎ። ትንሽ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ለብ ባለ ውኃ ውስጥ አድርጊና ክሩን ሳትሠሪበት በፊት ንከሪው፤ ሁለት ጊዜ። የምታለቀልቂበት ውኃ ሙቀቱ ከመጀመሪያው ጋር እኩል ይሁን። ሁሉንም ቅባት ግን አታውጪ፤ ጨርሶ ከወጣ ክሩ ይደርቅና ይብስ ይሻክራል።

ሦስት_መርፌ

በመጨረሻው ማለቅለቂያ ላይ አንድ ማንኪያ ኮምጣጤ። ሲደርቅ ሽታው አብሮ ይሄዳል።

እንዝርት_የለኝም

ከጎንደር የመጣውን እንዝርት ቶሮንቶ የሚያውስ ይኖር ይሆን?